በዳርዊን ላይም በሐሰት አንመስክር

ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ። ክፍል ውስጥ፣ "ቲቸር፣ ሰው የመጣው ከዝንጀሮ ነው?" ይሉኛል። በጥናታችን ላይ ደግሞ፣ "ጋሼ፣ ክርስቲያን ሆኖ ይህንን ማስተማር ይቻላል?" እባላለሁ።

ለሁለቱም የምሰጠው የመጀመሪያ መልስ አንድ ነው፦ ንድፈ ሐሳቡ እንዲህ አይልም። ዝግመተ ለውጥ የሚለው፣ ሰውና ዛሬ በሕይወት ያሉት ዝንጀሮዎች እጅግ የራቀ የጋራ ቅድመ አያት አላቸው ነው። እኔና የአጎቴ ልጅ ከአንድ አያት ወረድን እንጂ አንዳችን ከሌላችን አልተወለድንም። ሐሳቡን መቀበልም መቃወምም ይቻላል። ያልተባለውን ተብሏል ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ፣ ባልንጀራችን ሳይንቲስት ሲሆን አይሻርም።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ያቀረበው የተፈጥሮ ምርጫ በጥቂት ቀላል ነጥቦች ይጠቃለላል። የአንድ ዝርያ አባላት እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ ብዙውን ልዩነታቸውን ለልጆቻቸው ያወርሳሉ፤ ከሚወለዱትም ሁሉም አድገው ዘር አይተኩም። ስለዚህ ለሚኖሩበት ሁኔታ የሚስማማ ባሕርይ ያላቸው ብዙ ይተካሉ፤ ያም ባሕርይ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየበዛ ይሄዳል።

ይህንን በአገራችን ጤና ጣቢያዎች አይተነዋል። ወላጆቻችን ወባ ሲይዛቸው ክሎሮኪን ይውጡ ነበር። መድኃኒቱ ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ዓይነት መፈወስ ሲያቅተው አገራችን እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ፋንሲዳር፣ በ2004 ደግሞ ወደ ኮአርተም ተሸጋገረች። ተሕዋሲያኑ መድኃኒቱን አልተለማመዱትም። ከብዙዎቹ መካከል በዘረ መላቸው ላይ በተፈጠረ ለውጥ መድኃኒቱን መቋቋም የሚችሉ ጥቂቶች ነበሩ። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል ሜዳው ለእነርሱ ቀረ፤ እነርሱም ተራቡ።

እዚህ ድረስ ብዙ አማኞች አይቸገሩም። ድምፅ ከፍ የሚለው ቅሪተ አካል ሲነሣ ነው። ለእኛ ደግሞ ጉዳዩ የቤታችን ነው፤ ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለ ስፍራ ነው። ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረቦቹ የአጽሟን 40 በመቶ ያህል ሰበሰቡ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ቁጥሩ ከየት መጣ? በሐዳር የአፈር ንብርብሮች መካከል የጥንት እሳተ ገሞራ አመድ አለ። በአመዱ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ አርጎኑ ሲለካ አመዱ የወደቀበት ዘመን ይሰላል። የዳሌዋና የጉልበቷ ቅርጽ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር ያሳያል፤ የዝርያዋ አንጎል ግን ከቺምፓንዚ አንጎል ብዙም አይበልጥም ነበር።

ስለ ድንቅነሽ በአማኞች መካከል የሚዞር አንድ ወሬ አለ፤ "ጉልበቷ የተገኘው ከሌላ ቦታ ነው፤ ገጣጥመው አታለሉን" የሚል። የሆነው ይህ ነው፦ ጆሃንሰን ድንቅነሽ ከመገኘቷ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በዚያው በሐዳር፣ የሌላ ግለሰብ የጉልበት መገጣጠሚያ አግኝቶ ነበር። ወሬው ሁለቱን ግኝቶች ቀላቀለ። ድንቅነሽ የራሷ የጭንና የቅልጥም አጥንቶች አሏት።

ይህ ወሬ ትንሽ ነገር ይመስላል። በጥናት ቡድናችን ያደገ አንድ ወጣት ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እውነቱን ሲያነብ ከኅብረት ቀረ። ሻይ ጋብዤው ምክንያቱን ጠየቅሁት። "ጋሼ፣ ስለ ድንቅነሽ ጉልበት የነገሩኝ ሐሰት ከሆነ፣ ስለ ባዶው መቃብር የነገሩኝስ?" አለኝ። እስካሁን አልተመለሰም። እንደዋወላለን፤ እጸልይለታለሁ። ድንቅነሽን አይቶ ቢደነቅ ኖሮ አብረን እናጠናው ነበር። በስብከት መካከል ሳይጣራ የተወረወረች አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን በወንጌሉ ምስክርነት ላይ ጥላ ጣለችበት።

የእኔን አቋም ለሚጠይቀኝ አልደብቅም፦ የዝግመተ ለውጥ ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ ሰማይንና ምድርን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑንም አምናለሁ። በዚህ መንገድ የሄድኩ የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም። ዳርዊን መጽሐፉን ከማሳተሙ ከሁለት ዓመት በፊት ሐሳቡን በደብዳቤ ያካፈለው የሃርቫርዱ የእጽዋት ሊቅ አሳ ግሬይ አማኝ ነበር። በእኛ ዘመንም የሰው ልጅ ጂኖም ፕሮጀክትን የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስ በክርስቶስ ማመኑን በአደባባይ ይናገራል። በቡድናችን ግን የፍጥረትን ስድስት ቀናት የሃያ አራት ሰዓት ቀናት አድርገው የሚያነቡ አሉ፤ ረጅም ዘመናት ናቸው የሚሉም አሉ። አንድ ማዕድ እንቆርሳለን። አጥንት ማን ቀጥ ብሎ እንደሄደ ይነግረናል፤ በእግዚአብሔር መልክ መፈጠር ግን በሜትር የሚለካ ነገር አይደለም።

ስለዚህ በጥናታችን አንድ ደንብ አውጥተናል። ንድፈ ሐሳቡን መቃወም የሚፈልግ ሰው፣ መጀመሪያ አንድ የባዮሎጂ መምህር ሰምቶ "አዎ፣ የምንለው ይህንኑ ነው" እስኪል ድረስ አስተካክሎ ያስረዳል፤ ከዚያ ይቃወማል። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል እህታችን የወባውን ምሳሌ አንድም ሳታጎድል አስረዳችና፣ "ከዚህ ተነሥቶ እስከ ሰው መድረስ ግን ሩቅ አይደለም ወይ?" ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚቀጥለውን ጥናት ከእርሱ እንጀምራለን።