የማይፈለግ ጩኸት

በትርፍ ጊዜዬ የጂሲሲን የሙከራ ፋይሎች ማገላበጥ እወዳለሁ። ይህ ኮምፓይለር ብዙ ሺህ ትናንሽ የሙከራ ፕሮግራሞች አሉት፤ ሕጉም ጥብቅ ነው። ያልተጠበቀች አንዲት ማስጠንቀቂያ ብቅ ካለች፣ የተፈተነው ነገር ደህና ቢሆንም እንኳ፣ ሙከራው «ወደቀ» ይባላል።

ታዲያ ሰው ምን ያድርግ? አቋራጩ ማስጠንቀቂያን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ጸጥ ማሰኘት ነው። እኔን ግን ይህ አይዋጥልኝም። ነገ ኮምፓይለሩ እዚያው ፋይል ላይ እንዳመጣለት ቢለፈልፍ ማን ይሰማዋል? «ኮዱን አጽዳው!» የሚሉም አሉ። እሱም ጣጣ አለው። ስንቱ ሙከራ ከተጠቃሚ ስሞታ የተቀዳ ነው! ዝርክርክነቱን ስታጸዳው የሚፈለገው ስህተት አብሮ ብን ሊል ይችላል፤ እጅህ ላይ የሚቀረው ባዶ ቀፎ ነው።

የእኔ ምርጫ ማስጠንቀቂያዋ በምትወጣበት መስመር ጎን «እዚህ እጠብቅሻለሁ» ብሎ መጻፍ ነው። ሙከራዎቹን የሚያስኬደው ዴጃግኑ ይህን ያውቅበታል፤ ብትመጣ ዝም፣ ብትቀር ግን እሪ ይላል። አድካሚ ነው፣ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 14ኛው ጂሲሲ አንዳንድ የቆዩ የሲ ማስጠንቀቂያዎችን ወደ ስህተት ሲያሳድጋቸው፣ ብዙ አሮጌ ሙከራዎች እንደገና መነካካት ነበረባቸው።