መሪውን ልቀቀው!

ከዚህ ጸሐፊ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ኑሮ ውድነት ማንበብ የለመዳችሁ ሁሉ ለዛሬ ትታገሡኝ ዘንድ እለምናለሁ። የዛሬው ጉዳዬ መኪና ነው፤ ያውም መኪናን ሆን ብሎ ማንሸራተት፣ ወጣቶቹ «ድሪፍት» የሚሉት። «ሰውዬውን ምን ነካው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ራሴን ስጠይቅ ሰንብቻለሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ በየማለዳው የደም ግፊት ኪኒን የሚውጥ ሰው ሄልሜት ደፍቶ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ውኃ በተረጨ አስፋልት ላይ እንደ እንዝርት ሲሾር መዋሉ በእርግጥም ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በተደወለ ስልክ ነው። የእህቴ ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት» አለኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ከተዘጋ የገበያ አዳራሽ ፊት ለፊት ባለ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስበው፣ በየተራ መኪና እያንሸራተቱ ጎማ ሲያጨሱ ፖሊስ ደርሶባቸዋል። መኪናው ተጎትቶ ተወስዷል። እዚህ በቨርጂኒያ ግዴለሽ አነዳድ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፤ እስከ አሥራ ሁለት ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ የሚያስከትል ወንጀል ነው። ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የዜግነት ማመልከቻውም ገና መልስ አላገኘም። የእናቱን ሁኔታ ለመግለጥ አልሞክርም። (አዎን፣ በማግሥቱ ነገርኋት። እንዲህ ያለውን ነገር ከእህት መደበቅ አይቻልም።)

በጠበቃ ብርታት ክሱ ወደ ቀላል ጥፋት ዝቅ አለ። እኔ ግን የራሴን ፍርድ ሰጠሁ፤ የመኪናውን ቁልፍ ተቀብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍሁበት። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ወሬ እንዳልሰማ!» አልሁት። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ መከልከልና ማሰር ወጣቱን ይበልጥ ወደ ጨለማ ይገፋዋል፣ መንግሥት ለወጣቱ ስፍራ ይስጥ እያልሁ ስንት ገጽ እንደ ጻፍሁ እናንተው ምስክር ናችሁ። በገዛ ቤቴ ግን አዋጁን ለማወጅ አንዲት ሌሊት እንኳ አልፈጀብኝም።

ልጁ ሦስት ሳምንት ዝም ብሎኝ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ የምትቆጣኝ በማታውቀው ነገር ነው» አለኝ። «ሕጋዊ ቦታ አለ። ለጀማሪ የሚያስተምሩበት ቀን አላቸው። አንድ ጊዜ አብረኸኝ ና፤ አንተም ንዳው፤ ከዚያ በኋላ ከፈለግህ ከልክለኝ።» የዲሞክራሲ ጥብቅና ያለበት ሰው ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል?

ወደ ውሏችን ከመግባቴ በፊት ስለ ጥበቡ ጥቂት ልበል። አብዛኛዎቹ የዛሬ ትናንሽ መኪኖች የሚጎተቱት በፊት ጎማ ነው፤ የፊቱ ጎማ ይጎትታልም ይመራልም፣ የኋላው ተከታይ ብቻ ነው። በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና ግን የሥልጣን ክፍፍል አለበት፤ የፊቱ ይመራል፣ የኋላው ይገፋል፤ ሁለቱም ካልተስማሙ ጉዞ የለም። ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ነው። በሁለተኛ ማርሽ መሪውን ጠምዝዞ ነዳጁን ድንገት የሚረግጥ ሰው ያንን አቅም ሁሉ ለግፊት ያውለዋል፤ ወደ ጎን ለመያዝ የሚተርፍ አይኖርም፤ የመኪናው ጅራት ወደ ውጭ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ጅል የሚችለው ነው። ጥበቡ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። መሪውን ጅራቱ ወደ ሄደበት አቅጣጫ መመለስ፣ ነዳጁንም ሳያበዙና ሳያሳንሱ ጠብቆ ማቆየት ያስፈልጋል። በድንጋጤ እግርን ከነዳጅ ላይ ድንገት ማንሣት የጀማሪ ሁሉ ኃጢአት ነው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይወድቃል፣ የኋላው ጎማ መሬቱን መልሶ ይነክሳል፣ መኪናውም እንደ ጅራፍ ወደ ሌላው ወገን ይወረወራል።

የጥበቡ አገር ጃፓን ነው። ኩኒሚትሱ ታካሃሺ የተባለው ተወዳዳሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መኪናውን እያንሸራተተ ኩርባውን ሲያልፍ ያየው ወጣቱ ኬይቺ ቱቺያ ነገሩን ወደ ተራራ መንገዶች ወሰደው። የቱቺያ መኪና በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ላደገ ሰው ባዕድ አይደለችም፤ የኛይቱ «ዲኤክስ» እኅት የሆነች ኮሮላ ናት። ቶዮታ በ1983 የኮሮላን ቤተሰብ ወደ ፊት ጎማ ግፊት ሲያዛውር፣ «ኤኢ86» የተባለችውን የስፖርት ዓይነት ግን በቀድሞው ሥርዓት አስቀርቷት ነበር። ቱቺያ በ1987 በወጣው «ፕላስፓይ» በተባለ ቪዲዮ በተራራ ኩርባዎች ላይ ያደረገው ሁሉ በጃፓን ሕግ የማይፈቀድ ነበር። ይኸው ሰው በኋላ «ዲ1 ግራንድ ፕሪ» የተባለው ሕጋዊ ውድድር ሲቋቋም የዳኝነት ወንበር ላይ ተቀመጠ። አሜሪካም በ2004 የራሷን «ፎርሙላ ድሪፍት» ጀመረች። የትናንቱ ሕገ ወጥ የዛሬ ዳኛ ሲሆን ማየት ለፖለቲካ ተመልካች አዲስ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን እዚህ የተቀየረው ሰውዬው ሳይሆን የቆመበት ስፍራ መሆኑ አስገርሞኛል።

በሪያድ የሆነው ከዚህ ይለያል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፓስካል ሜኖሬ በ2014 ስለዚያች ከተማ ወጣቶች ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚያሳየው፣ በነዳጅ ገንዘብና በመሬት ንግድ በተለጠጠች፣ ለወጣት መዋያ በሌላት ከተማ ውስጥ ሰፋፊ ባዶ ጎዳናዎች የአመፅ ሜዳ ሆኑ። የሚነዷቸው መኪኖች የተከራዩ ወይም የተሰረቁ ተራ የቤት መኪኖች ነበሩ። ስንት ልጅ እንደ ቅጠል እንደ ረገፈ ሳነብ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ቁልፍ ትዝ አለኝ።

እናም በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ጉዞ ሆነ። መኪናይቱ የ2006 ኢንፊኒቲ ጂ35፣ ባለ በእጅ ማርሽ ናት። የኋላ ወንበሯና ሻንጣ መጫኛዋ ላይ ከነቸርኬያቸው አራት አሮጌ ጎማዎች ጭነናል፤ ሊቃጠሉ የተፈረደባቸው። ለእህቴ «ጓደኛ ቤት ሲቀይር ዕቃ ልናግዝ ነው» ብለን ነበር የወጣነው። (በዕድሜዬ የማፍርበት ውሸት ነው።)

አስተማሪያችን ፀጉሩ የሸበተ መካኒክ ነበር። በመጀመሪያ መንሸራተትን የሚከላከለውን የመኪናውን ኤሌክትሮኒክ ዘብ አስጠፋን። ቀጥሎ በረጠበው ሜዳ መካከል አንድ ብርቱካናማ ኮን አቆመና «በዚህች ዙሪያ ክብ ሥራ» አለኝ። እንግዲህ ይህ ጸሐፊ በዚህች አገር ለዓመታት ታክሲ ነድቶ ነው ልጆቹን ያሳደገው። ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ፣ እርሷም በኋላ ጎማ የምትገፋ፤ በበረዶ ወራት እንዳትንሸራተት ሻንጣዋ ውስጥ የአሸዋ ከረጢት እየጫንሁ ስንቱን ሌሊት አሳልፌአለሁ። ስለዚህ ኩራት ቢጤ ነበረኝ።

ኩራቱ እስከ መጀመሪያው ሙከራ ቆየ። መሪውን ጠመዘዝሁ፣ ነዳጁን ረገጥሁ፣ ጅራቷ ሲወጣ ልቤም አብሮ ወጣ፤ እግሬን አነሣሁ። ዓለም ዞረች። «ሁለቱንም እግር!» ሲል ይሰማኛል፤ መኪና ከእጅ ሲወጣ ፍሪሲዮንና ፍሬን አንድ ላይ መርገጥ ነው ሕጉ። ስንቆም ፊታችን ወደ መጣንበት ዞሮ ነበር። እንደገና። አሁንም እንደገና። አሥራ አንድ ጊዜ እንደ ተሽከረከርሁ ልጁ ቆጥሮልኛል። ዕድሜ ልኬን የተማርሁት ነገር ሁሉ ጠላት ሆነብኝ፤ ለሃያ ዓመት መኪና እንዳይንሸራተት የተጋ እግር፣ ሲንሸራተት ዝም ብሎ ቆይ ቢሉት አይሰማም።

መካኒኩ ታገሠ፣ ታገሠና፣ «አንቀኸዋል» አለኝ። «መሪውን ልቀቀው!»

ፖለቲከኛው አንባቢዬ እዚህ ላይ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። መሪ በሚለው ቃል ሁለቱንም የሚጠራ ሕዝብ ይህን ትእዛዝ ያለ ፈገግታ መስማት አይችልም። ነገር ግን ምሳሌውን ሩቅ አልወስደውም። የመኪና መሪ ሲለቁት ራሱ የሚመለሰው ተአምር ስለሆነ አይደለም፤ የፊት ጎማዎቹ በተወሰነ ማዘንበል ስለተተከሉ፣ መኪናው በእውነት ወደሚሄድበት አቅጣጫ ራሳቸውን ያዞራሉ። የነጂው ሥራ መሪው በመዳፎቹ መካከል እንዲሮጥ መተውና በጊዜው መያዝ ነው። የአገራችን ጎማ በምን ማዘንበል እንደ ተተከለ ግን ገና እየተከራከርን ነው።

ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ። በደርግ ዘመን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ይነዳ ነበር። ላዳ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተቀዳች፣ በኋላ ጎማ የምትገፋ መኪና ናት። በክረምት፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ጭቃ ዳገት ላይ ጅራቷ ወደ ቦዩ ሲሸሽ፣ አባቴ ያንን ትልቅ ቀጭን መሪ በጣቶቹ ብቻ ሲያንሸራትተው ከጎኑ ተቀምጬ አያለሁ። ፍሬን አይነካም፤ ወሬውንም አያቋርጥም። ተሳፋሪዎቹ ስመ እግዚአብሔር ሲጠሩ እርሱ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራ ነበር። ያን ነገር ጥበብ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም፤ እኔም ሁልጊዜ የማስታውሰው ዝምተኛነቱንና ቁጣውን ነበር እንጂ እጁን አልነበረም።

በአሥራ ሁለተኛው ሙከራ መሪውን ለቀቅሁት። በመዳፌ ውስጥ ፈተለከ፤ ያዝሁት። ዓይኔንም ከሚያስፈራኝ ዳር አንሥቼ ልሄድበት ወደምፈልገው፣ ወደ ኮኗ አዞርሁ። ሞተሩ በአንድ ድምፅ ጸና፣ መኪናይቱ በጎኗ እየሄደች ዞረች፤ አንድ ሙሉ ክብ፣ ከዚያም ግማሽ። በጎን መስኮት በኩል ወደፊት እያዩ መንዳት ምን እንደሚመስል ልገልጽላችሁ አልችልም። ጮኼአለሁ። ምን ብዬ እንደ ጮኽሁ ልጁ እስካሁን እየተረከ ይስቅብኛል።

ከሰዓት በኋላ የእርሱ ተራ ሆነ። ሁለት ኮኖች ተተክለው ስምንት ቁጥርን መሥራት ነው ፈተናው፤ ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ክብደቱ ከወገን ወደ ወገን ይገለበጣል። እኔ የጠበቅሁት ዕብደት ነበር። ያየሁት ልጅ ግን ከመግባቱ በፊት ተንበርክኮ የየጎማውን ነፋስ የሚለካ፣ ሌላው ሲነዳ ከንፈሩን ነክሶ የሚያጠና፣ ሲሳሳት ወደ መካኒኩ ሄዶ እጁን ወደኋላ አድርጎ የሚያዳምጥ ልጅ ነው። እናቱ አንድ ገጽ እንኳ አንብብ ብላ የምትለምነው ልጅ ይህ ነው ብላችሁ አታምኑም።

ሲመሻሽ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ሽቦአቸው ታየ። ለመመለሻ የሚሆኑትን ልንቀይር መኪናይቱን በክሪክ አነሣናት። እርሱ ብሎኑን ይፈታል፣ እኔ ቸርኬውን እይዛለሁ። ቀና ሳይል፣ «ጋሼ» አለኝ፤ «የዚያን ሌሊት … አንድ ልጅ ነበር። ቪዲዮ ሊቀርጽ ወደ ውስጥ ገባ። ጅራቷ በዚህ ያህል አለፈው።» በሁለት እጆቹ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ርቀት አሳየኝ። «ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ነው። ማንም አላየም። ለጠበቃውም አልነገርሁትም። እስካሁን በሕልሜ እያየሁት ነው።»

አፌ ላይ የመጣው ምን እንደነበር አልደብቃችሁም። ሙሉ ስብከት ነበር፤ እናትህን፣ ወረቀትህን፣ የሰው ነፍስን የሚል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው የሚልም ነበረበት። ቸርኬው ግን በእጄ ላይ ነበር፣ ከባድ ነው፤ ቦታው ላይ እስክንገጥመው ድረስ ምንም አላልሁም። ዝም ስል እርሱ ቀጠለ፤ ልጁ ምን ዓይነት ጫማ እንዳደረገ ሁሉ ነገረኝ።

ስልኩ የጠራው ያን ጊዜ ነው። እህቴ ናት። ድምፅዋ ከፍ ያለ ስለሆነ እኔም ጋ ይሰማል። «የት ናችሁ? ዕቃው አላለቀም? ምሳችሁ እኮ እራት ሆነ!»

ልጁ ስልኩን በደረቱ ላይ ሸፍኖ አየኝ። «ልንገራት?» አለኝ።

«ሁሉን?»

«ሁሉን።»

«መጀመሪያ ጎማውን እናጥብቅ» አልሁት። አምስተኛው ብሎን ቀርቶን ነበር።

ቸር እንሰንብት።