የበርሜሉ ነገር

በተከራየነው ቤት ምድር ቤት ውስጥ አንድ የድራፍት በርሜል ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ድግስ ደግሰው፣ ቢራውን ጠጥተው፣ በርሜሉን ትተውልን ሄደዋል። እኛም አራት ወር ሙሉ እንደ በርጩማ ስንቀመጥበት ቆየን። ከመካከላችን አንዱ የመንፈቁን ፈተና ያጠናው በዚሁ በርሜል ላይ ተቀምጦ ነው፤ ስላገኘው ውጤት ግን በርሜሉን መክሰስ አይገባም።

እኛ የምንባለው ሦስት ኢትዮጵያውያንና አንድ አሜሪካዊ ነን። አሜሪካዊው ጓደኛችን ቢራ በቤቱ ይጠምቃል። ይህም በዚህ አገር የተፈቀደ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ መሠረት፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለት 757 ሊትር ያህል፣ ለራሱ ቢጠምቅ ቀረጥ አይጠየቅበትም፤ መሸጥ ግን አይችልም። አላባማና ሚሲሲፒ የሚባሉት ግዛቶች እስከ 2013 ድረስ አሻፈረን ብለው ነበር። እናቶቻችን ጠላ ለመጥመቅ የማንንም ፊርማ ጠብቀው ስለማያውቁ፣ ይህን ታሪክ ስንሰማ ትንሽ ሣቅን።

ችግራችን የድስት ነበር። ያለን ትልቁ ድስት የሚይዘው 20 ሊትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ለገና ጠላ ለመጥመቅ ባሰብን ጊዜ ውሃውን በሦስት ዙር ማፍላት ሊኖርብን ነው። ትልቅ ድስት እንዳንገዛ ዋጋው ከኪሳችን ጋራ አልተስማማም። የተቀመጥንበትን ነገር አስተውለን ያየነው በዚህ ጊዜ ነው። የአሜሪካ ትልቁ የድራፍት በርሜል 15 ጋሎን ተኩል፣ ማለት 58 ሊትር ከግማሽ ያህል ይይዛል፤ አካሉም የማይዝግ ብረት ነው። አናቱን ክብ አድርጎ የቈረጠው ሰው ድስት አገኘ ማለት ነው።

አንደኛችን ወዲያው ካቻቢቴ አንሥቶ በበርሜሉ አፍ ላይ ጎንበስ አለ። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከበርሜሉ አፍ እስከ ታች ድረስ ረዥም የብረት ቱቦ ይወርዳል፤ ይህን ቱቦ ይዛ የምታስቀረው አንዲት ቀጭን የብረት ቀለበት ናት። ቀለበቷን ሊፈነቅል ሲል አሜሪካዊው ከደረጃው ላይ ሆኖ ጮኸ። ወርዶም ጓደኛችንን በትከሻው ገፋ አደረገውና፣ ጨርቅ ደርቦ አፉ ላይ ያለውን መዝጊያ በእንጨት ዘንግ ወደ ታች ተጫነው። በርሜሉ እንደ እባብ ይፍ ጀመር፤ የኮመጠጠ አረፋም ተፋ። ፉጨቱ ቶሎ አላቆመም። ባዶ ነው ብለን አራት ወር የተቀመጥንበት በርሜል ጋዙን እንደ ታመቀ ይዞት ኖሯል! ግፊቱ ሳይወጣ ቀለበቷ ተነሥታ ቢሆን፣ ቱቦው እንደ ጦር ተወርውሮ ጎንበስ ያለውን ሰው ፊት ባገኘው ነበር። ጓደኛችን ካቻቢቴውን አስቀምጦ ወደ ላይ ወጣ፤ ያን ቀን ራቱን አልበላም።

በማግሥቱ እሑድ ነበርና፣ ስለ ጠላው ምክር እንዲሰጡን የጋበዝናቸው አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። በርሜሉን ባሳየናቸው ጊዜ፣ ገበያ ላይ ጋን እንደሚመርጥ ሰው በጣታቸው አንኳኩት።

«ድምፁስ ደኅና ነው፤ የማን ነው?» አሉ።

«የእኛ ነው፣ እማማ።»

«ገዛችሁት?»

«የለም፤ እዚሁ አገኘነው።»

«እንግዲያማ የእናንተ አይደለማ፣ ልጆቼ!»

ከዚያ በኋላ ስለ በርሜሉ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ስለ ጌሾው ነገሩን። ጋን በወይራ ሲታጠን ጢሱን እንደሚጠጣ፣ ብረት ግን ጢስ እንደማይጠጣ፣ ስለዚህ የጠላችን መዓዛ የጎደለ እንደሚሆን አስጠነቀቁን።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ክርክር ተነሣ። የበርሜሉን ከንፈር በፋኖስ ብናይ የፋብሪካው ስምና ንብረትነቱ የፋብሪካው መሆኑ ተቀርጾበታል። አንደኛችን፣ «መያዣው ተከፍሏል፤ መያዣውን የተወ ሰው በርሜሉን ገዛ ማለት ነው» አለ። ነገሩ የሚያሳምን መስሎን ነበር። ነገር ግን መያዣው ከበርሜሉ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው፤ ደግሞም ዋጋ ቢሆን ኖሮ ስሙ መያዣ ባልተባለ። አገር ቤት ከግሮሰሪ ቢራ በሳጥን ወስደን ጠርሙሱን ስንመልስ፣ ባለ ሱቁ ብሩን የሚመልስልን ጠርሙሱን ከእኛ ገዝቶ አይደለም። ድምፅ ብንሰጥ ሁለት ለሁለት ሆንን። በመጨረሻ እማማን እንደ አምስተኛ ድምፅ ቈጠርናቸውና በርሜሉ እንዲመለስ ተወሰነ። የመለስንለት መጠጥ ሻጭ ደረሰኝ የላችሁም ብሎ መያዣውን ከለከለን፤ ምስጋናውንም እንደ ብሩ ቈጥቦ ነው የሰጠን።

ኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ አነስተኛ ጠማቂ፣ አንገቱ የተጎዳና ከአገልግሎት የወጣ በርሜል በርካሽ ሸጠልን፤ ደረሰኝም ጻፈልን። በፊታችን ግፊቱን አስወጥቶ ቱቦውን ያወጣልን እሱ ራሱ ነው።

ሥራው አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀ። በአናቱ ላይ 30 ሳንቲሜትር የሚሰፋ ክብ አስምረን፣ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገን በግራይንደር ቈረጥነው። ዲስኩ አዲስ መሆን አለበት፤ ተራ ብረት ሲቈርጥ የኖረ ዲስክ የብረት ብናኝ ይተክልበትና የማይዝገው ይዝጋል። ይህ ብረት የማይዝግበት ምክንያትም ያስገርማል። በውስጡ ካለው ክሮሚየም (ብዙ ጊዜ ከመቶ 18 እጅ ያህል ነው) ከአየሩ ኦክሲጅን ጋራ ተዋሕዶ በዐይን የማይታይ ስስ ልባስ ያበጃል፤ ልባሱ ቢፋቅ አየር እስካገኘ ድረስ መልሶ ያበጀዋል። በዝገት ከዝገት ይድናል እንደ ማለት ነው። የተቈረጠውን ጠርዝ እጅ እንዳይበላ በሞረድ አለዘብነው።

የደከምነው ለቧንቧው ቀዳዳ ስንሰረስር ነው። እንደ እንጨት መስሎን መሰርሰሪያውን በፍጥነት አዞርነው፤ ብረቱ በተሻሸ ቍጥር እየጠነከረ ሄዶ ሁለት ፑንታ አቃጠለብን። ሦስተኛውን ዘይት እየቀባን፣ አጥብቀን እየተጫንን፣ በዝግታ ብናዞረው አለፈልን። ብየዳ የሚችል ሰው ስላልነበረን ቧንቧውን በሲሊኮን ጎማና በብሎን አሰርነው። ውሃ ሞልተን አንድ ሌሊት ብናሳድረው ጠዋት ከሥሩ የእጅ መዳፍ የምታህል እርጥበት አገኘን፤ ጎማውን አስተካክለን አጠበቅነውና ቆመ።

አሁን በአንድ ጊዜ 45 ሊትር እናፈላለን። ከዚያ በላይ መሙላት አይገባም፤ ብቅሉ ሲፈላ አረፋው ይገነፍላል። የጋዝ ምድጃውንም የምንለኩሰው ከቤት ውጭ ነው፤ በምድር ቤት ቢሆን ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሳይነቁበት ይገድላል። የፈላውን በርሜል ተሸክሞ መገልበጥም የለም፤ ለዚህ ነው ለቧንቧው ያን ያህል የደከምነው።

የገናው ጠላ ደረሰ። እማማ ቀምሰው፣ «መዓዛው ቀርቶበታል፤ ይጠጣል ግን» አሉ፤ ሁለተኛ ብርጭቆም አልከለከሉንም። ከዚያም ወደ በርሜሉ ሄደው እንደ ቀድሞው አንኳኩና፣ «ይኸስ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ደረሰኙን አምጥተን ቃል በቃል በአማርኛ አነበብንላቸው።

«እንግዲያስ ለፋሲካ አበድሩኝ» አሉ።

ሰጠናቸው። ፋሲካ ካለፈ ሰንብቷል፤ በርሜሉ እስካሁን እሳቸው ዘንድ ነው፤ መያዣም አልተቀበልንም።