ለ«ሞደሬተር» ስም ፍለጋ

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የፊዚክስ ተማሪ ነው። እናቱ ስልክ ደውለው «ምንድነው ልጄ የምትማረው?» ሲሉት፣ «ፊዚክስ ነው እማዬ» ይልና ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ ከብቱ ያዞረዋል። ዘንድሮ የሚጽፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ዘገምተኛ ፖዚትሮን ስለሚያወጣው «ሞደሬተር» ነው። ይህን ለወላጅ እናቱ የሚነግርበት አንድ ቃል እንኳ የለውም። እኔ ደግሞ የቋንቋ ተማሪ ነኝና «ስም እናውጣለት» አልኩት። ስም ለማውጣት ግን ነገሩን ማወቅ ግድ ነው።

ፖዚትሮን የኤሌክትሮን መንታ ነው፤ ክብደቱ እኩል፣ የኤሌክትሪክ ሙሉ ግን ተቃራኒ። ዲራክ በ1931 (እ.ኤ.አ.) መኖር አለበት አለ፣ አንደርሰን በ1932 አገኘው። ከኤሌክትሮን ጋር ከተጋጠመ ሁለቱም ጠፍተው ጋማ ጨረር ይሆናሉ። ሶዲየም-22 ከሚባለው ምንጭ ሲወጣ እስከ 546 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይዞ፣ በየአቅጣጫው እየተበተነ ነው። ተመራማሪው የሚፈልገው ግን ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ያለውን፣ በአንድ መስመር የሚነዳውን ነው። እንዲህ ያለውን በፈለገው ጥልቀት ወደ አንድ ቁስ ልኮ፣ አተም የጎደለበትን ቦታ ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ቃል «ገላጋይ» ነበር። ጓደኛዬ ሣቀብኝ። ገላጋይ እኮ የገባበትን ያተርፋል፤ እዚህ ከገባው አብዛኛው አይወጣም! ቸሪ የተባለ ሰው በ1958 በፕሪንስተን ክሮሚየም በተቀባ ሚካ ሲሞክር ከመቶ ሚሊዮን ገደማ አንድ ብቻ ወጣለት። በ1972 ለንደን ውስጥ እነ ካንተር ወርቅ ላይ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ለብጠው ከመቶ ሺህ ወደ 3 አደረሱት። (በትምህርት ቤት የማግኒዥየም ጥብጣብ ሲነድ የሚቀረው ነጭ ዱቄት ያው ነው።) ታዲያ ይህን «ብቃት» ብሎ መጥራት ምን ይሉታል? አልኩ። እሱ ግን ቆጣ ብሎ መለሰልኝ፦ ሶዲየም-22 በ2.6 ዓመት በግማሽ ያልቃል፤ ሞደሬተሩን በእጥፍ ማሻሻል ምንጩን በእጥፍ እንደመግዛት ነው።

ቀጥሎ «አብራጅ» አልኩ። ይኸኛው ለተንግስተን ልክ ገጠመ። ፖዚትሮኑ ብረቱ ውስጥ በጥቂት ፒኮሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ቢሊዮንኛ ጥቂት ሺህኛ፣ ጉልበቱን ጨርሶ ከብረቱ ሙቀት ጋር ይስተካከላል። ከዚያ ለመጥፋት የቀረው 100 ፒኮሰከንድ ያህል ነው። በዚያች ዕድሜው ይባዝናል፤ የሚባዝነውም የሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ገደማ ቢሆን ነው። እድል ቀንቶት ገጹ ላይ ከደረሰ ተንግስተኑ ራሱ 3 ኤሌክትሮን ቮልት በሚያህል ጉልበት ገፍቶ ያስወጣዋል። መንገዱ ላይ አተም የጎደለበት ጉድጓድ ከጠበቀው ግን እዚያው ወድቆ ይቀራል። ስለዚህ ብረቱን አየር በሌለበት ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያግሉታል፤ አተሞቹ በየቦታቸው እንዲገቡ ነው። ይህም ሁሉ ተደርጎ የሚወጣው ከአሥር ሺህ ጥቂት ነው።

እንግዲህ አብራጅ ብለን ልንጨርስ ስንል ኒዮን መጣ። ሚልስና ጉሊክሰን በ1986 የኒዮን ጋዝ 7 ኬልቪን ገደማ (ከዜሮ በታች 266 ዲግሪ) ላይ አርግተው ሞከሩት፤ ከሺህ 7 ያህል አወጡ። በ2002 በሰርን የአቴና ቡድን ቀዝቃዛ አንቲሃይድሮጅን ሲሠራ ፖዚትሮኑን ያገኘው በረጋ ኒዮን ነው። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ይህ ከሁሉ የቀዘቀዘው ነገር ፖዚትሮኑን በደንብ አያበርደውም! በብረት ውስጥ ጉልበቱን የሚቀበሉ ነጻ ኤሌክትሮኖች ሞልተዋል። በኒዮን ግን ሁሉም በየአተሙ ተጣብቀዋል፤ ጉልበቱ ከ20 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲያንስ የሚቀበለው አጥቶ፣ የቀረውን በጥቂት በጥቂቱ ለአተሞቹ ንዝረት ብቻ እያካፈለ ሩቅ ይባዝናል፣ ገና ሳይበርድም ያመልጣል። ዋጋ አለው ታዲያ፦ የሚወጡት ብዙ ቢሆኑም ጉልበታቸው እንደ ተንግስተኖቹ አንድ ዓይነት አይደለም።

እናም «አብራጅ» ስንለው ያሸነፈው በማብረድ የሰነፈው ሆኖ ቁጭ አለ። ጓደኛዬ «አዘግዪ» ይበቃል ይላል፤ እኔ ለጆሮዬ አልጣመኝም። «ማጣሪያ» ደግሞ አይሆንም፤ ማጣሪያ ቀድሞውኑ ዝግ ብሎ የመጣውን ነው የሚያሳልፈው። ወረቀቱ እስከዛሬ በስርዝ ድልዝ ተሞልቶ ከጠረጴዛችን ላይ አለ። ከእናንተ መካከል የተሻለ ቃል ያለው ይምጣልን፤ ብቻ ኒዮንን እንዳይረሳ።