አንጀት ወይስ ናይሎን?

በዘንድሮው የወላጆች በዓል ክራር እንድመታ በታዘዝሁ ጊዜ ደስታዬም ጭንቀቴም እኩል ነበር። ክራሩ የአጎቴ ነው። ስድስቱ ክሮች የበግ አንጀት ሲሆኑ፣ አጥበው፣ ፍቀው፣ አክርረው ያደረቋቸው ራሳቸው ናቸው።

የመተማን አየር የሚያውቅ ሰው ችግሬ ይገባዋል። በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አንጀት ደርቆ ጧ ብሎ ይበጠሳል፤ ሰኔ ገብቶ ሲዘንብ ደግሞ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ቅኝቱ ይፈርሳል። ጧት በትዝታ የቃኘሁት ክራር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስም የሌለው ቅኝት ሆኖ ይጠብቀኛል። በዓሉም የሚውለው በሰኔ ነው!

ስለዚህ ከገበያ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ገዛሁ፤ ቀጭኑን ለቀጭን ድምፅ፣ ወፍራሙን ለወፍራም። ናይሎን እንደ አንጀት እርጥበት አይጠጣም።

«ጋሼ፣ ክሩን ብለውጠው ይከፋዎታል?» አልኋቸው።

ዝም አሉ። ቈይተውም «ለውጠው፤ አንጀቱን ግን እንዳትጥል» አሉኝ።

ይህ ክርክር የእኛ ቤት ብቻ አይምሰላችሁ። ቫዮሊንም ለብዙ ዘመን የሚመታው በበግ አንጀት ነበር፤ ቅኝቱ በአየሩ ጠባይ ይዛባ ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. በቪየና ከተማ ቶማስቲክ ኢንፌልድ የተባለው ድርጅት «ዶሚናንት» የሚሉትን ክር አወጣ፤ ውስጡ ፐርሎን የተባለ የናይሎን ዓይነት ነው፣ ላዩ በብረት ተጠምጥሟል። ብዙ ቫዮሊን መቺዎች ወደዱት፤ ይሁን እንጂ የጥንቱን ዜማ በጥንቱ ድምፅ እንጫወት የሚሉ ዛሬም አንጀቱን አልተዉም። እነርሱም እንደ አጎቴ መሆናቸው ነው።

ናይሎንም አመል አለው። አዲስ ሲወጠር ይለጠጣል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስቃኝ፣ ሲረግብ፣ እንደገና ስቃኝ ጣቴ ላጠ። በአራተኛው ቀን ጸና። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ያ የአንጀቱ ሻካራነት፣ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮ የሚመስለው ግን የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ናፈቀኝ።

በበዓሉ ቀን ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ደበደበው። ክራሬ ንቅንቅ አላለም። ተማሪው አጨበጨበ። አጎቴ ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው «ጥሩ መታህ። ድምፁ ግን የኔ ክራር አይደለም» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

አንጀቶቹን በወረቀት ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አኑሬአቸዋለሁ። ጥቅምት ሲገባና አየሩ ሲደርቅ ሁለቱን ወፍራሞች እመልሳለሁ፤ ቀጫጭኖቹ ቶሎ ስለሚበጠሱ ናይሎን እንደ ሆኑ ይቈያሉ። አጎቴ ይህን ገና አልሰሙም፤ መጽሔቱ ሲወጣ ያነቡት ይሆናል።