እኔን ነው ወይስ ለእኔ?

እስቲ ከመርዶ እንጀምር። በእኛ አገር ሞት ሥርዓት አለው፤ የሥርዓቱ በር ደግሞ መርዶ ነው። ሰው ወገኑ ሲሞትበት በስልክ አይነገረውም። ሽማግሌዎች ማልደው፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ በር ያንኳኳሉ። ባለቤቱ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች ደጁ ላይ ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። ጎረቤት አጠገቡ አለ፤ ይይዘዋል፣ ይደግፈዋል፣ መሬት ላይ እንዳይፈጠፈጥ ያቅፈዋል። ሳይነካኩ ማዘን የሚባል ነገር አናውቅም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ቃል ሳይተነፍስ የሚወጣ ሰው እንኳ ትከሻውን ከባለ ኀዘኑ ትከሻ ጋር አጋጥሞ ነው የሚወጣው።

እንግዲህ ይህን ሥርዓታችንን ይዘን ነው 2012ን የገባነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 14 የየብስ ድንበሮች ከጭነት በቀር ለመንገደኛ ተዘጉ። ወሩ ሳያልቅ በሽታው ክልላችን ገባና ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀናት በር ዘጉ። መጋቢት 30 ደግሞ በመላ አገሪቱ ለአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጨባበጥ ክልክል! ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል! የሕዝብ መኪና ከወንበሩ ግማሽ በላይ መጫን ክልክል! ሁሉም ነገር «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» ሆነ። (የማን አዋቂ እንደሆነ አልተነገረንም። የአጎታችን አንድ እርምጃ የእኛን ሁለት ያህላል።)

ማራኪን የሚያውቅ ያውቃታል። ማራኪ ያለ ተማሪ ማራኪ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ሲያሰናብት ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ጁስ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ የሚከራየው ክፍል ሁሉ ጭር አለ። እኛ ሦስት ነን፤ ሁለት እህትማማቾችና አንድ ወንድም። ከመካከላችን ጋዜጠኝነት የምታጠናዋ የቤቱ ዜና አንባቢ ሆነች፤ የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡትን ቁጥር ድምጿን አሳምራ ታነብልናለች። ቁጥሩ ሲነበብ እናታችን ታማትባለች። «እጃችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ» ሲባል ደግሞ አንገቷን አዙራ ቧንቧውን ታየዋለች። የጎንደር ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ቀልዱ አይገባውም።

ቀልዱ ሚያዝያ ላይ አለቀ። ወገራ የነበረው ታላቅ አጎታችን ሞተ። በኮሮና አይደለም፤ የቆየ ደም ግፊት ነበረበት። መርዶውም በስልክ መጣ። ሽማግሌ የለ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀ የለ፣ የሚይዝ ጎረቤት የለ። እናታችን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቁጭ አለች። ጎረቤቶቻችን ጩኸቱን ሰምተው መጡና በራችን ላይ ቆሙ። ተመልሰው አልሄዱ፤ አልገቡም። የእድራችን ድንኳን ከመጋዘን አልወጣም። የእናታችን እንባ ከበሽታውም ከሞቱም በላይ በዚህ ነበር፦ «ወንድሜን አፈር አላለበስኩት፤ እናቴን አላስተዛዘንኳት። ምን ዓይነት ሰው ይሉኛል?»

ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሠርግ መቅረት ይቅር ይባላል። ለቅሶ መቅረት ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። «የእንትና ልጅ ለወንድሟ አልመጣችም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ምንም አዋጅ አይሽረውም።

በዚያ ሰሞን ከከተማ ከተማ የሚወስድ አውቶቡስ አልነበረም። ዘመድ በስልክ መከረ። አያታችን ከመንደራቸው በበቅሎ ይወርዳሉ፤ እኛ ከጎንደር በዘመድ ፒካፕ እንወጣለን፤ ከኮሶዬ አለፍ ብሎ መንገዱ ላይ ገመድ በተወጠረበት ኬላ እንገናኛለን። ከገመዱ ወዲያ እነሱ፣ ከገመዱ ወዲህ እኛ። ገመዱን አናልፍም፤ ሕግም አናፈርስም።

ኮሶዬን ያየ ሰው ብርዱን ያስታውሳል። ከገደሉ ሥር የሚመጣው ነፋስ በሚያዝያም ጋቢ ያስለብሳል። አያታችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደረስን። የምንጠራቸው «እምዬ» ብለን ነው። እናታችን ከመኪናው ወርዳ ስትሮጥ፣ ከገመዱ ስትደርስ በራሷ ቆመች። ያቆማት የለም። ያን ጊዜ እምዬ ጭንብል የለበሰውን ፊታችንን አንድ በአንድ አዩና ጠየቁ፦

«ልጆቼ፣ እኔን ነው የምትፈሩት ወይስ ለእኔ?»

ዝም አልን። ጋዜጠኛዋም ዝም አለች። ስለ አረጋውያን ተጋላጭነት ያነበበችው ሁሉ አፏ ላይ ደረቀ። የመለሰችው እናታችን ናት፦ «ለእርስዎ ነው እምዬ። ለእርስዎ ነው።»

«እንግዲያስ ከዚያው ሆነሽ አልቅሽ» አሉ።

አለቀሰች። እሳቸው ከወዲያ እየተቀበሉ፣ እሷ ከወዲህ እያወጣች፣ ገመዱ መሐል ላይ በነፋስ እየተወዛወዘ፣ የአጎታችንን ስምና ሥራ ጠሩ። ያረሰውን ጠሩ፣ ያበላውን ጠሩ። ኬላ ጠባቂው ወጣት ኮፍያውን አውልቆ ወደ ገደሉ ዞረ። አራት ሆነን ነበር አምስት፣ አልቆጠረንም።

በመጨረሻ እምዬ ከበቅሎዋ ላይ የሟቹን ጋቢ አወረዱ። ገመዱ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጡትና ወደ ኋላ ተመለሱ። ወንድማችን «ቆይ፣ መጀመሪያ ፀሐይ ይምታው» አለ። የዳቦ ፌስታል በአልኮል የምንጠርግበት ሰሞን ስለነበር ያለ ምክንያት አልተናገረም። እናታችን አየችው፤ ምንም አላለችም። ጋቢውን አንስታ ለበሰችው። እኛም ያመጣነውን ቡና፣ ስኳርና ሳሙና እዚያው ድንጋይ ላይ አኖርን።

አሁን፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ ከሌላው ዓለም ጋር ስናስተያየው ብቻችንን አልነበርንም። ጀርመንና ስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ኮንስታንስና ክሮይትስሊንገን የሚባሉ የተጣበቁ ከተሞች አሉ። በዚያው ሰሞን ድንበሩ ሲዘጋ መሐላቸው አጥር ቆመ። ፍቅረኞችና ቤተሰብ በአጥሩ ቀዳዳ እጅ ለእጅ ሲያያዙ ጊዜ ሁለተኛ አጥር ትንሽ ራቅ ብሎ ተጨመረ፤ እንዳይነካኩ። የሀብታም አገር ሰውም እንደኛው ከወዲያ ማዶ ሆኖ ይጣራ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳ ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ሲከፈት ያየነው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሃያ ዓመት የተለያዩ ወንድምና እህት መንገድ መሐል ተጠማጥመው ሲያለቅሱ በቴሌቪዥን አይተን እኛም አለቀስን። ያም መተላለፊያ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። ድንበር ሲከፈት የሰው የመጀመሪያ ሥራ መተቃቀፍ ነው፤ ሲዘጋም መጀመሪያ የሚቀረው እሱው ነው።

ኋላ ላይ ሳይንሱ ራሱ ጠራ። ቫይረሱ ከዕቃ ይልቅ በአየር፣ ይበልጡንም በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደሚተላለፍ ታወቀ። ስለዚህ ያ ነፋሻ ሜዳ ከየትኛውም ለቅሶ ቤት የተሻለ ነበር፤ ጋቢውም ያን ያህል የሚያስፈራ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት የዓለም አቀፍ የጤና አደጋነቱን አዋጅ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አነሳ። አያቶቻችን ይህን ሲሰሙ ብዙም አይደነቁ ይሆናል። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ እኮ ስሙ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ የሚታጠነው ከእሱ ጋር ተያይዞ ነው። በሽታው ሄዶ ጢሱ ቀረ።

ከኮሮናስ የሚቀረው ምንድን ነው? የእጅ መታጠቢያ ባልዲዎቹ ከየበሩ ጠፍተዋል። ጭንብሉም ተረስቷል። ገመዱ ግን ሌላ ምክንያት አላጣም፤ ከ2013 ጦርነት ወዲህ የክልላችን መንገዶች በሌላ ምክንያት ሲዘጉ፣ ሰው ለቅሶም ለሠርግም መድረስ አቅቶት ሲቀር አይተናል። በሽታው ሳለ ቢያንስ አንዳችን ለሌላው እየፈራን ነበር የምንራራቀው። ከዚያ በኋላ ግን አንዳችን ሌላውን መፍራት የጀመርን ይመስላል።

ወገን፣ የእምዬ ጥያቄ ለእኛ ለወጣቶቹም ነው። ገጠር ያለችውን አክስታችንን ሳንጠይቅ ስንቀር፣ «መንገዱ አይታመንም፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ በዓሉ ይለፍ» ስንል፣ ምክንያታችን ለእሷ ማሰብ ነው ወይስ እሷን መሸሽ? ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ሰውየው አልመጣም። ልዩነቱ የሚታወቀው የመጣው ሰው እስከ ምን ድረስ እንደመጣ ሲታይ ነው። ለወዳጁ የፈራ ሰው እስከ ገመዱ ድረስ ይሄዳል። ወዳጁን የፈራ ግን ከቤቱም አይወጣ።