ከውሃው በፊት

በጦር ሠፈር የምንኖር ሁሉ እንደምናውቀው፣ ጠንቃቃ አሽከርካሪ በማለዳ ብርድ ሞተሩን ሳያሞቅ ከባድ ጭነት ይዞ አይነሣም። ይኸው ሰው ግን በዕረፍት ቀኑ ወደ መዋኛ ገንዳ ሲሄድ ልብሱን አውልቆ ያለአንዳች ዝግጅት ዘሎ ይገባል። ለመኪናው የሚያሳየውን ርኅራኄ ለገዛ ትከሻውና ለገዛ ልቡ መንፈጉ ዘወትር ያስደንቀኛል።

በጦር አካዳሚ ሳለሁ ከሩጫ በፊት ሰውነትን ማሟሟቅ የማይታለፍ ሥርዓት ነበር። ዋናም ይህንኑ ይጠይቃል። ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከአየር 25 እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ፣ ያልተፍታታ ሰውነት በቀዝቃዛ ገንዳ ውስጥ ፈጥኖ ይጨማደዳል።

ባለፈው ዓመት በሠፈራችን የሚያገለግሉ አንድ የ46 ዓመት ሻምበል ባሻ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከሩጫ ይልቅ ዋና እንዲያዘወትሩ በሐኪም ተመከሩ። ውሃ የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም ምክሩ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ከወጣቶች ጋር እሽቅድምድም ገጠሙና ከገንዳው አጋማሽ ሳያልፉ ትንፋሽ አጠራቸው። ጠርዙን ይዘው ሲያለከልኩ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ቆመው ይመለከቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ይህ የልጆች ነገር ነው» ብለው ቀሩ። ያስቀራቸው ኀፍረቱ እንደ ነበር ግን ለማንም ግልጽ ነው። በመጨረሻ ባለቤታቸው ወደ እኔ መጥተው፣ «መቶ አለቃ፣ እባክዎ አብረውት ይግቡ፤ ጉልበቱ እየከዳው ነው፣ እኔን እሺ አይለኝም» አሉኝ።

የተከተልነው ሥርዓት ቀላል ነበር። አስቀድመን በገንዳው ዳር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ፈጠን ብለን እንራመዳለን፤ ክንዶቻችንን በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እናሽከረክራለን፤ ትከሻን፣ ወገብንና ቁርጭምጭሚትን እናፍታታለን። ቀጥሎ 100 ሜትር ያህል፣ ነፃ ቀዘፋን ከጀርባ ቀዘፋ ጋር እያፈራረቅን፣ ሳንቸኩል እንዋኛለን። ዋናው ልምምድ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ 25 ሜትር 8 ጊዜ፣ በየመካከሉ 30 ሰኮንድ ዕረፍት። በዕረፍቱ ጊዜ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ያቃተው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍጻሜው 100 ሜትር የዝግታ ዋና ነው፤ ጡንቻን ረዘም አድርጎ መሳሳብም የሚሻለው ሰውነቱ ከሞቀ በኋላ ነው።

የሻምበል ባሻ ትልቁ ችግር ትንፋሽ ነበር። እንደ አብዛኛው ጀማሪ ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ሲያደርጉ አየሩን አምቀው ይይዙታል። በውሃው ውስጥ በአፍና በአፍንጫ ቀስ እያሉ ማስወጣትን ሲለምዱ ግን ቀና ሲሉ ለአዲስ አየር ቦታ አገኙ። የቦታ ከፍታም ሊታሰብበት ይገባል። በ1961 ዓ.ም. ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር በሆነችው በሜክሲኮ ከተማ በተደረገው ኦሊምፒክ፣ የአየሩ መሳሳት አያሌ የረጅም ርቀት ተወዳዳሪዎችን ሲያስቸግር፣ በደጋ አየር የሠለጠነው ወታደር ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ። እንግዲያው ከቆላ ወደ ደጋ የተዛወረ ዋናተኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ርቀቱን ይቀንስ።

ሦስት ነገሮች አይዘነጉ። ብቻችሁን አትዋኙ። ለረጅም ጊዜ ለመጥለቅ ስትሉ ደጋግማችሁ በኀይል አትተንፍሱ፤ በውሃ ውስጥ ራስን ሊያስትና ሊገድል ይችላልና። ደረታችሁን ሕመም ከተሰማው ወዲያው ወጥታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሻምበል ባሻ ከአራት ወራት በኋላ 400 ሜትር በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን በአንድ ልብ ዋኙ። ባለቤታቸውም «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ሳቁባቸው፤ እርሳቸውም አብረው ሳቁ። አሁን ትንሿ ልጃቸው ወደ ገንዳው ስትሄድ አባቷን እያየች አስቀድማ ክንዶቿን ታሽከረክራለች። ይህን ያዘዛት ማንም የለም።